ደብዳቤ አድራሻውን እንዲያገኝ የደከሙት ዶክተር ጆን ፖስቴል

በጂንካ ከተማ የሚሠራ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት በኢሜይል ወደ አዲስ አበባ በሚልክበት ጊዜ፣ ደብዳቤው በየትኛው በር ወጥቶ በየትኛው በር እንደሚገባ አይመራመርም፤ መመራመርም ግዴታው አይደለም። ዳሩ ግን ደብዳቤው ሳይደርስ የቀረ እንደሆነ በመጀመሪያ የሚወቀሰው መስመሩ ነው፤ ቀጥሎ መብራቱ፤ በመጨረሻም ሪፖርቱን በጊዜው አላደረሰም ተብሎ ሠራተኛው ራሱ። ለውጭ አገር ትምህርት ማመልከቻ የላከ ተማሪም ቢሆን ዕጣው ይኸው ነው። ነገሩ በደንብ ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሦስቱም ላይ አይገኝም። መስመሩ ደኅና ሆኖ፣ መብራቱም ሳይጠፋ፣ ሠራተኛውም ሳይሰንፍ፣ ደብዳቤው የሚሄድበትን ቤት ስም የሚተረጉመው መዝገብ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል።

ይህ የስም መዝገብ ለዓለም ሁሉ እንዲያገለግል ካደረጉት ሰዎች አንዱና ምናልባትም ከሁሉ ይበልጥ የደከሙለት፣ ዛሬ ታሪካቸውን ለአንባብያን የምናቀርበው አሜሪካዊው ዶክተር ጆናታን ብሩስ ፖስቴል ናቸው። ወዳጆቻቸው ጆን ይሏቸው ስለ ነበር እኛም በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን። ዘመኑን በምንጠቅስበት ጊዜ የውጭ አገሩን በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እናደርገዋለን።

ጆን ፖስቴል የተወለዱት እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1943፣ በእኛ ዘመን ሐምሌ 30 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያ ውስጥ አልታዲና በምትባል ስፍራ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሎስ አንጀለስ አካባቢ በቫን ናይስ ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። የሚያስገርመው፣ በኋላ የኢንተርኔት አባቶች ከተባሉት መካከል ቪንተን ሰርፍና ስቴፈን ክሮከርም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡ መሆናቸው ነው። ከዚያ በኋላ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1966 የመጀመሪያውን፣ በ1968 ሁለተኛውን ዲግሪ በኢንጂኔሪንግ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1974 በኮምፒዩተር ሳይንስ ዶክተር ለመባል በቅተዋል።

ገና ተማሪ ሳሉ የፕሮፌሰር ሌናርድ ክላይንሮክ የምርምር ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ይህ ክፍል የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ የሰጠበት፣ አርፓኔት የተባለው የኮምፒዩተሮች መገናኛ መረብ የመጀመሪያ ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ማታ ከዚሁ ክፍል ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። መልእክቱ አንዲት አጭር ቃል ብትሆንም ከፊደሎችዋ ሁለቱ ብቻ እንደ ደረሱ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ወደቀ። ስለዚህ በኮምፒዩተር መረብ ላይ የሚላክ ጽሑፍ ገና ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ መንገድ ላይ መቅረት የለመደ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በዚያን ጊዜ የመረቡ ሠራተኞች ሐሳባቸውን በተከታታይ ቁጥር በተመዘገቡ ማስታወሻዎች ይለዋወጡ ነበር። ስቴፈን ክሮከር በ1969 የጀመሩትን ይህን ማስታወሻ አርሞ፣ ቁጥር ሰጥቶ የማውጣቱ ሥራ በጆን ፖስቴል እጅ ገባና እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከእጃቸው አልወጣም። ከዚህም ጋር አንድ ሌላ ሥራ ተጨመረላቸው። በመረቡ ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ሁለት ሰዎች አንዱን ቁጥር ለሁለት ነገር ቢያውሉት ግን ግራ መጋባት ይመጣል። ጆን ፖስቴል በ1972 ባወጡት ማስታወሻ ቁጥሮቹን የሚያድል አንድ ኀላፊ እንዲኖር ሐሳብ ካቀረቡ በኋላ ሥራውን ለመያዝ ራሳቸው ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹ። ማዕረግ የሌለው፣ ሌላው ሰው የሚሸሸው የመዝገብ ቤት ሥራ ነበር። በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት መመደብን እንደ ቅጣት የሚቆጥሩ ወጣቶች ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለናል።

በ1977 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ተዛወሩና እስከ መጨረሻው በዚያው ቆዩ። ጢማቸው ረዥም፣ ጫማቸው ሰንደል ነበር፤ የዕረፍት ጊዜያቸውንም በተራራ ላይ በእግር በመጓዝ ማሳለፍ ይወዱ ነበር። በዚህ መልካቸው ላያቸው ሰው የዓለምን መገናኛ ደንብ የሚጽፉ አይመስሉም። ነገር ግን ከ1980 እስከ 1982 ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ኢንተርኔት እስካሁን የሚተዳደርባቸው ዋና ዋና ደንቦች የወጡት በእርሳቸው ብዕር አዘጋጅነት ነው። ከእነዚህ መካከል ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅሙን ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1980 የወጣው፣ ሦስት ገጽ ብቻ የሆነው፣ አጫጭር መልእክት ያለ ብዙ ሥነ ሥርዓት የሚላክበት ደንብ ነው። ሁለተኛው በኦገስት 1982 የወጣው የኢሜይል ማመላለሻ ደንብ ነው። አንድ የደብዳቤ ሰርቨር የሌላውን በር በ25 ቁጥር አንኳኩቶ ማን እንደ ሆነ ከተናገረ በኋላ የላኪውንና የተቀባዩን ስም አስታውቆ ደብዳቤውን የሚያስረክበው በዚህ ደንብ መሠረት ነው።

እዚህ ላይ ችግሩ ይጀምራል። ሰርቨሩ የሌላውን በር ለማንኳኳት በሩ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ሰው ስም ያውቃል፤ ኮምፒዩተር ግን የሚያውቀው ቁጥር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስሙን ከቁጥሩ ጋር ያያያዘው አንድ መዝገብ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በኤልሳቤጥ ፋይንለር ክፍል ይጠበቅ ነበር። አዲስ ኮምፒዩተር የተከለ ሰው ለዚያ ክፍል ያስታውቃል፤ ክፍሉ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ የቀሩት ጣቢያዎች ሁሉ የመዝገቡን ቅጂ እየወሰዱ በየቤታቸው ያስቀምጣሉ። ጣቢያዎቹ ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ይህ በቂ ነበር። ቁጥራቸው መቶዎች ሲገባ ግን መዝገቡ ዛሬ ቢታረም የሩቁ ጣቢያ የሚሠራው በባለፈው ወር ቅጂ ሆነ። ደብዳቤም በአሮጌ ቅጂ ምክንያት መጥፋት ጀመረ።

ይህን ለመረዳት ጂንካን ራሷን መመልከት ይበቃል። ጂንካ በጥንቱ አከፋፈል በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። ኋላም በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ የደቡብ ኦሞ ዞን መቀመጫ ሆነች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናት። ከተማይቱ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ የሚዞረው የበላይዋ መሥሪያ ቤት ነው። የአርባ ዓመት የአድራሻ መጽሐፍ በመሳቢያው ያስቀመጠ ጸሐፊ ግን ዛሬም ደብዳቤዋን በጋሞ ጎፋ በኩል አርባ ምንጭ ይልከዋል። መጽሐፉ ሲታተም ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ ቅጂው ማርጀቱ ነው።

ዶክተር ፖስቴል ለዚህ መድኀኒት እንዲፈለግ የሥራ ባልደረባቸውን ፖል ሞካፔትሪስን አዘዙ። በጊዜው አምስት ያህል እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሐሳቦች ቀርበው ስለ ነበር የሞካፔትሪስ ሥራ እነርሱን ማስታረቅ ነበር። ሞካፔትሪስ ግን አምስቱንም ወደ ጎን ትተው የራሳቸውን አዲስ ሐሳብ ነደፉ። እንዲህ ያለውን ድፍረት የሚቀጣ አለቃ ብዙ ነው። ዶክተር ፖስቴል ግን ሐሳቡን ደግፈው በኖቬምበር 1983 እንዲታተም አደረጉ። ዲ ኤን ኤስ የሚባለው የስም አፈታት ሥርዓት ይኸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከጆይስ ሬይኖልድስ ጋር ሆነው ባወጡት ማስታወሻ፣ የትምህርት ቤቶች፣ የንግድ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስም በምን እንዲያልቅ፣ አገሮችም በሁለት ሁለት ፊደል እንዲጠሩ ወሰኑ።

የሐሳቡ ፍሬ ነገር የመዝገቡን ቅጂ ለሁሉ ማደል ቀርቶ፣ መዝገቡ በየባለቤቱ እጅ እንዲቀመጥና የሚፈልግ ሁሉ ባለቤቱን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። በጂንካ የቅዳሜ ገበያ የመጣ እንግዳ በዳሰነች ወረዳ የሚኖር አንድ ሰው ቢፈልግ፣ በገበያው ያለ ሰው ሁሉ ሰውየውን አያውቀውም። ዳሰነችን የሚያውቀው ሰው ግን ይታወቃል፤ እርሱ ወደ ኦሞራቴ ይመራዋል፤ በኦሞራቴ ያገኘው ሽማግሌ ወደ መንደሩ፣ የመንደሩ ሰው ወደ ቤቱ ያመላክተዋል። ማንም ሁሉን አያውቅም፤ እያንዳንዱ ግን ከእርሱ በታች ያለውን ማን እንደሚያውቅ ያውቃል። ኮምፒዩተሩም እንደዚሁ ነው። በኢዲዩ ነጥብ ኢቲ የሚያልቅ የአንድ ኢትዮጵያዊ ዩኒቨርሲቲ ስም ሲቀርብለት ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል። በመጀመሪያ ሥር የሚባሉትን ሰርቨሮች ኢቲ ማን ዘንድ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ የኢቲ ሰርቨሮች ኢዲዩን ወደሚያውቀው ይመሩታል፤ ያም የዩኒቨርሲቲውን ስም ወደያዘው ያደርሰዋል። ይህ ሁሉ ጥያቄና መልስ ብዙውን ጊዜ የሚመላለሰው ዶክተር ፖስቴል በ1980 ባወጡት በዚያ ባለ ሦስት ገጽ ደንብ ነው።

ለደብዳቤ ደግሞ የተለየ መስመር በመዝገቡ ላይ ይጻፋል። በ1986 ክሬግ ፓርትሪጅ ያዘጋጁት ይህ መስመር ኤም ኤክስ ይባላል። የኤም ኤክስን ነገር ከእኛ ይልቅ የሚረዳ ሕዝብ ያለ አይመስለንም። በአገራችን ደብዳቤ በየቤቱ እየዞረ የሚታደል ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚጠበቅ ነው። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ሰፈር፣ የፖስታ ሣጥኑ በሌላ ሰፈር ቢሆን የሚገርመው የለም። ኤም ኤክስ ማለት ይህ ስም ያለው ድርጅት ደብዳቤውን የሚቀበለው በእገሌ ሰርቨር በኩል ነው የሚል የሣጥን ቁጥር ነው። ከአንድ በላይ ከሆኑም ተራ ይሰጣቸዋል፤ አነስተኛ ቁጥር ያለው ይቀድማል።

እዚህ ላይ የባለታሪካችንን ጉዞ ለጥቂት ጊዜ ገታ አድርገን፣ ደብዳቤው ከጂንካ ሳይወጣ የቀረበትን ምክንያት እንፈልግ። ብዙዎቹ አንባብያን ነገ በየመሥሪያ ቤታቸው ይህ ሥራ ሊሰጣቸው ይችላል።

ቢሮው የራሱ የደብዳቤ ሰርቨር አለው እንበል፤ በላዩም ላይ በሰፊው የታወቀው ፖስትፊክስ የተባለው ፕሮግራም ይሠራል። ሪፖርቱ ተልኳል፤ አልደረሰም። ሰነፍ ባለሙያ ሰርቨሩን አጥፍቶ ያበራል። አስተዋይ ባለሙያ ግን አስቀድሞ የፕሮግራሙን የውሎ መዝገብ ያነባል። በዚያም ከሁለት ነገር አንዱን ያገኛል፤ ወይ ስሙ የለም የሚል፣ ወይ መልስ ስላላገኘሁ ቆይቼ እሞክራለሁ የሚል። ሁለቱ በአማርኛ ሲነገሩ የተቀራረቡ ቢመስሉም ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። ስሙ የለም ማለት ተጠያቂው ተገኝቶ አላውቀውም ብሏል ማለት ነው፤ ደብዳቤው ወዲያው ለላኪው ይመለሳል፤ ላኪውም የጻፈውን አድራሻ ይመረምራል። መልስ አላገኘሁም ማለት ግን ተጠያቂው ራሱ አልተገኘም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፖስትፊክስ ደብዳቤውን በወረፋ አስቀምጦ ደጋግሞ ይሞክራል። ካልተለወጠ በስተቀር ልማዱ አምስት ቀን መጠበቅ ነው። በእነዚህ አምስት ቀናትም፣ አስጠንቅቅ ተብሎ ካልታዘዘ፣ ለላኪው አንድም ቃል አይናገርም። ማመልከቻው የሚዘጋው በሦስተኛው ቀን ለሆነ ተማሪ ይህ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል መናገር አያሻም። ስለዚህ የማስጠንቀቂያውን ሰዓት በአራት ሰዓት ወይም በዚያ አካባቢ ማድረግ ምንም ወጪ የሌለው ደግ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው በዚያው በሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ መጠየቅ ነው። ዲግ የሚባለው ትእዛዝ ለዚህ ይጠቅማል፤ የተቀባዩን ስምና ኤም ኤክስ የሚለውን ጨምሮ ቢጽፉለት የመዝገቡን መልስ ያሳያል። በመጀመሪያ ቢሮው ዘወትር የሚጠቀምበት አፈላላጊ ሰርቨር ይጠየቃል፤ ከዚያ በስሙ ጠርተው ሌላ አፈላላጊ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም ራሱ ባለመዝገቡ ሰርቨር ይጠየቃል። ባለመዝገቡ እየመለሰ የቢሮው አፈላላጊ ዝም ካለ፣ ችግሩ ያለው በቅርብ ነው። ማንም ካልመለሰ፣ የቢሮው መስመርም ደኅና ከሆነ፣ ችግሩ ያለው በተቀባዩ ዘንድ ስለ ሆነ ጂንካ ላይ ሌሊቱን ቢያድሩ የሚገኝ ነገር የለም፤ ስልክ አንስቶ ማስታወቅ ይሻላል።

ሌላ አስቸጋሪ ሁኔታ አለ። ባለሙያው በእጁ ሲጠይቅ ሁሉም በትክክል ይመልሳል፤ የደብዳቤው ፕሮግራም ግን መልስ አላገኘሁም ማለቱን አያቆምም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ፕሮግራሙን እንደገና ይጭናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ላይ ፖስትፊክስ ለጥንቃቄ ሲባል ከዋናው ቤት ተለይቶ በታጠረ ትንሽ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ሊደረግ ይችላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሆኖ የዋናውን ቤት ፋይል ማየት ስለማይችል፣ የአፈላላጊውን ሰርቨር ቁጥር የያዘችው ትንሽ ፋይል ፕሮግራሙ ሲነሣ ተገልብጣ ትሰጠዋለች። ከዚያ በኋላ የቢሮው መስመር ተለውጦ አዲስ አፈላላጊ ቢመጣ ዋናው ፋይል ይታረማል፤ በታጠረው ክፍል ውስጥ ያለችው ቅጂ ግን እንደ ነበረች ትቀራለች። ባለሙያው የሚጠይቀው አዲሱን ነው፤ ፕሮግራሙ የሚጠይቀው የሌለውን ነው። እንግዲህ አንባቢው ልብ ይበል፤ ይህ በ1982 ዶክተር ፖስቴልን ያስጨነቀው ያው የአሮጌ ቅጂ በሽታ ነው። ከዓለም መረብ ላይ ተባርሮ ሄዶ በአንድ ኮምፒዩተር ጓዳ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። መድኀኒቱም ሁለቱን ፋይሎች አስተያይቶ፣ ቅጂውን አድሶ፣ ፕሮግራሙን እንደገና ማስነሣት ብቻ ነው።

መዝገቡ ራሱ የተበላሸ እንደሆነ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። በኤም ኤክሱ መስመር ላይ የሰርቨር ስም መጻፍ ሲገባ ቁጥር ይጻፋል፤ ይህ ደንቡ የማይፈቅደው ነው። ወይም የተጻፈው ስም ራሱ በመዝገብ የሌለ ይሆናል። ወይም በስሙ መጨረሻ ላይ መግባት ያለባት አንዲት ነጥብ ትረሳና ኮምፒዩተሩ የድርጅቱን ስም ሁለት ጊዜ ደራርቦ ያነበዋል። አንዲት ነጥብ የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ ታስቀራለች። ስሕተቱ ከታረመም በኋላ ወዲያው አይድንም፤ አፈላላጊዎቹ የሰሙትን መልስ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ86400 ሴኮንድ ማለት ለአንድ ሙሉ ቀን፣ በማቆያቸው ያስቀምጡታልና። የለም የሚለውም መልስ እንኳ ይቀመጣል። ስለዚህ አዲስ ስም ገና ሳይመዘገብ ደርሶ አይደርስ እንደሆነ እያሉ ደጋግሞ መጠየቅ ራስን ማዘግየት ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለጥበቃ ብሎ ረዣዥሞቹ መልሶች የሚመጡበትን በር ይዘጋል፤ አጭሩ ጥያቄ ያልፋል፣ ረዥሙ ይቀራል፤ አንዱ ስም ይፈታል፣ ሌላው አይፈታም። በሁለቱም ደንብ የ53 ቁጥር በር መከፈቱን ማረጋገጥ ይገባል።

አሁን ወደ ባለታሪካችን እንመለስ። ዶክተር ፖስቴል በ1980 በጻፉት ደንብ ውስጥ አንድ ጠባያቸውን የሚገልጽ መመሪያ አኑረዋል። ይኸውም አንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው በሚልከው ነገር ጥንቁቅ፣ ከሌላው በሚቀበለው ግን ቻይ እንዲሆን የሚያዝዝ ነው። በስማቸው የሚጠራው ይህ መመሪያ የማይተዋወቁ ኮምፒዩተሮችን ለማቀራረብ የረዳውን ያህል፣ በር ክፍት አድርጎ ቀማኛን ማስገባቱን መሸሸግ አይገባንም። በእርግጥ አደጋውን ራሳቸው ሳያዩት አልቀሩም፤ ገና በ1975 ባወጡት ማስታወሻ ያልተፈለገ ደብዳቤ የሚያበዛን ኮምፒዩተር እምቢ የሚሉበት ዘዴ እንደሌለ አመልክተው ነበር። ኢሜይል ዓለምን ሲሞላ የፈሩት ደረሰ። ዛሬ ትልልቆቹ የደብዳቤ ሰርቨሮች ቻይነቱን ትተው እንግዳውን ሁሉ በጥርጣሬ የሚመረምሩ ሆነዋል።

የሚመረምሩትም በዚያው በስም መዝገብ ነው። ደብዳቤ ይዞ የመጣውን ሰርቨር ቁጥር ገልብጠው የማን ነህ ብለው መዝገብ ይጠይቃሉ። ለቁጥሩ ስም ካልተገኘ፣ ወይም የተገኘው ስም ሰርቨሩ ራሱን ከጠራበት ጋር ካልተስማማ፣ ደብዳቤው ይመለሳል ወይም ወደ ቆሻሻው ክፍል ይጣላል። ይህ የተገላቢጦሽ መዝገብ የሚጻፈው በስሙ ባለቤት ሳይሆን በቁጥሩ ባለቤት፣ ማለትም መስመሩን በሚሰጠው የቴሌኮም ድርጅት ዘንድ ነው። የጂንካው ቢሮ የራሱን መዝገብ ሌት ተቀን ቢያርም ይህን አያገኘውም፤ በደብዳቤ ጠይቆ ማስመዝገብ አለበት። እኛ እንደምናየው የሩቅ ከተማ መሥሪያ ቤት ከአጭበርባሪ የሚለይበት አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ መሆኑ ፍትሕ አይመስልም። ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች የመሥሪያ ቤታቸውን አድራሻ ትተው በውጭ አገር ነጻ ኢሜይል የሚሠሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለናል። ነገሩ ያሳዝናል እንጂ አያስፈርድባቸውም።

የአገራችን ስም ወደ ዓለም መዝገብ የገባውም በዶክተር ፖስቴል ዘመን ነው። በ1994 ባወጡት ማስታወሻ የአገሮች ስም እንዴት እንደሚታደል ደንግገዋል። የትኛው ግዛት አገር ነው፣ የትኛውስ አይደለም የሚለውን ክርክር እርሳቸው መዳኘት አልፈለጉም፤ ስለዚህ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣውን የአገሮች ዝርዝር እንዳለ ተቀበሉ። የአገርን ስም የሚይዝም ሰው ባለንብረት ሳይሆን ለሕዝቡና ለዓለም መረብ ባለአደራ መሆኑን፣ ስለ መብት ከመከራከርም ስለ ኀላፊነትና አገልግሎት ማሰብ እንዳለበት አስታወቁ። በዚህ ደንብ መሠረት ኢቲ የተባለው የኢትዮጵያ ስም በጥቅምት 1988 ዓ.ም. በሥሩ መዝገብ ላይ ተጻፈ።

በዚያን ጊዜ በአገራችን ሙሉ የኢንተርኔት መስመር አልነበረም። በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ በስልክ እየተደወለ ኢሜይል ተጠራቅሞ የሚመላለስበት አገልግሎት ብቻ ይገኝ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔትን ለሕዝብ ከፈተ። ስለዚህ ስማችን ከመንገዳችን ቀድሞ ተመዝግቦ ይጠብቀን ነበር ማለት ነው። ዛሬ ይህን መዝገብ የሚጠብቀው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

በ1990ዎቹ መካከል ኢንተርኔት የገበያ ዕቃ በሆነ ጊዜ የዶክተር ፖስቴል ኑሮ አስቸጋሪ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ያምናቸው ስለ ነበር ማን ሾመህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ስም መሸጥ ትልቅ ገንዘብ የሚገኝበት ንግድ ሲሆን ግን ኩባንያዎች፣ ጠበቆችና መንግሥታት ሁሉ ጥያቄ ያነሡ ጀመር። እ.ኤ.አ. ጃኑዋሪ 28 ቀን 1998 ዶክተር ፖስቴል ብዙ ያነጋገረውን ሥራ ሠሩ። በዓለም ላይ ከነበሩት 13 የሥር ሰርቨሮች መካከል የስምንቱን ኀላፊዎች ጽፈው፣ መዝገቡን ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ካለው ኩባንያ ሳይሆን ከእርሳቸው ኮምፒዩተር እንዲቀዱ ጠየቋቸው። ስምንቱም እሺ አሉ። በጂንካም ሆነ በኒው ዮርክ ደብዳቤ የላከ ሰው አንዳች ለውጥ አላየም፤ የሁለቱም መዝገብ አንድ ዓይነት ነበርና። የአሜሪካ ቤተ መንግሥት ባለሥልጣናት ግን ተቆጡ። ዶክተር ፖስቴል ሙከራ ብቻ መሆኑን አስታውቀው ሁሉን ወደ ነበረበት መለሱ።

ያን ያደረጉት በእርግጥ ለሙከራ ነው ወይስ ሥልጣኑ የማን እንደ ሆነ ለማሳየት የሚለው እስካሁን ያከራክራል። በእኛ አስተያየት ለማሳየትም ጭምር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል በእምነት የጠበቁትን መዝገብ ሌላው በውል ሲወስደው ዝም ብሎ ማየት ለማንም ሰው ይከብዳል። ነገር ግን የዓለም ሁሉ ስም በአንድ ሰው መልካም ጠባይ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መኖሩ ራሱ አስፈሪ እንደ ነበር ይህ ድርጊት አሳይቷል። እርሳቸውም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ የዚያን ዓመት የቀረውን ጊዜ ያሳለፉት ሥራውን የሚረከብ ማኅበር በማቋቋም ነው። አይካን የተባለው ይህ ድርጅት በሴፕቴምበር 1998 መጨረሻ ተመሠረተ።

ዶክተር ፖስቴል የልብ ሕመም ነበረባቸው፤ ቀደም ሲልም በ1991 ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ድርጅቱ በተመሠረተ በሦስተኛው ሳምንት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1998፣ በእኛ ዘመን ጥቅምት 6 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ በሎስ አንጀለስ እንደገና ከተደረገላቸው የልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። የልጅነት ትምህርት ቤታቸው ተማሪ የነበሩት ቪንተን ሰርፍ የኀዘን መግለጫቸውን የጻፉት በሟቹ እጅ ሲታረም በኖረው በዚያው የማስታወሻ ተራ ነበር፤ ቁጥሩም 2468 ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የኢንተርኔት ማኅበር በስማቸው ሽልማት አቆመና የመጀመሪያውን ለራሳቸው ለሟቹ ወሰነ። ሽልማቱንም እናታቸው ወይዘሮ ሎይስ ፖስቴል ተቀበሉላቸው።